ወፍጮው የበላው እፍኝ

ደርግ በወደቀ ሰሞን አጎቴ ፍኖተ ሰላም ላይ አንድ ወፍጮ ነበራቸው። ለአስፈጪው ሁሉ ከራሳቸው ዱቄት አንድ እፍኝ ይጨምሩለታል። «ወፍጮዬ የበላብህን ነው፤ ምራቂ እንዳይመስልህ» ይሉታል።

ወፍጮው አድጎ ቡሬ ላይ የዱቄት ፋብሪካ ሲሆን፣ ያሳደጓቸውን የወንድማቸውን ልጆች ባለአክሲዮን አደረጉ። እነሱ ደግሞ እፍኟን ከለከሉ። አንድ ቀን ደጁ ላይ ለአንዲት የማንኩሳ ሴት ሲጨምሩ አገኟቸውና «ጋሼ፣ እርስዎ ከእንግዲህ ቤት ይዋሉ፤ እኛ አለንልዎ» ብለው ሸኟቸው። እሳቸውም «ልጆቼ አደጉ» ብቻ አሉኝ። ቡሬን ዳግም አልረገጡም።

ለተዝካራቸው እነዚያው ልጆች በመኪና ዱቄት ላኩ። ለቀስተኛው «አቤት ደግነት!» አለ።

ጋሼ፣ እኔ ጆንያውን አገላብጬ አየሁት። አፉ በማሽን ተሰፍቷል፤ እፍኝ የሚጨመርበት ቦታ የለውም።