የኮሚቴው ሰብሳቢና እፉኝቷ

ገላን ኮንዶሚኒየም ስንገባ የብሎካችን ኮሚቴ ሰብሳቢ ስለ እባብ የማያውቀው ነገር ያለ አይመስለውም ነበር፤ ዕውቀቱ ሁሉ ግን ስልኩ ላይ ካየው ቪዲዮ የተለቃቀመ ነው። አንድ ቅዳሜ ደረጃው ሥር የተገኘ ቀጭን እባብ ሰው ሲያይ ሊያመልጥ ተፈተለከ። ሰብሳቢያችን «የሚሮጥ እባብ መርዛም ነው!» ብሎ አሳደደና በዱላ ቀጥቅጦ ገደለው፤ ከሬሳው ጋርም ፎቶ ተነሣ። ዘበኛችን፣ ድሮ እዚሁ መሬት ላይ ያርሱ የነበሩ ሽማግሌ፣ «ምስኪን፣ አይጥ በሊታ ነበር» አሉ። ማንም አልሰማቸውም፤ እኔም ጭምር።

በሳምንቱ ውኃ ቆጣሪው አጠገብ ወፍራም፣ አጠር ያለ፣ ጀርባው ዥንጉርጉር እባብ ተጋድሞ አገኘን። ብንጮህም አልተነቃነቀም። ሰብሳቢው «ይሄ ሰነፍ ነው፣ ምንም አያደርግም» እያለ በመጥረጊያ እንጨት ጎነተለው።

«ተው፣ ልጄ! እፉኝት ናት፤ እፉኝት አትሸሽም!» ብለው ዘበኛው ክንዱን ይዘው ወደ ኋላ ሳቡት። ወዲያው እፉኝቷ ተወርውራ እንጨቱን ነከሰች። ጀግናችን አንድ ጫማውን ጥሎ ሦስተኛ ፎቅ ደረሰ። ሽማግሌው ግን ሰዉን አርቀው፣ ወደ ቦዩ እስክትገባ ቆመው ጠበቁ።

በማግስቱ ሰብሳቢው የብሎካችን ግሩፕ ላይ እባብ እንዴት እንደሚለይ ረጅም ምክር ለጠፈ። ስለ ዘበኛው አንድ ቃል የለበትም። ጎረቤቶቼም አጨበጨቡለት።