መጥሪያ የጠበቅኩበት ሠላሳ ቀን

አሶሳ ፍርድ ቤት፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ስሠራ ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ይህን የምናገረው ለኩራት አይደለም፤ ሞኝነቴ ከየት እንደመጣ እንዲታወቅ ነው።

ታናሽ ወንድሜ ከመንጌ ወርቅ እየገዛ ሊነግድ ከባንክ ሲበደር ቤቴን በመያዣነት ሰጠሁለት። ውሉን ሳላነብ ፈረምኩ። የሰው ውል ሳገላብጥ ያረጀሁ ሴት! ወንድሜ መክፈል ሲያቆም ስልክ ማንሳትም አቆመ። አሁን የት እንዳለ አውቃለሁ። አልናገርም፤ እንደማውቅ ግን እሱም ያውቃል።

ከዚያ የባንኩ ማስጠንቀቂያ መጣ። ዕዳው በሠላሳ ቀን ውስጥ ካልተከፈለ ቤቱ በሐራጅ ይሸጣል ይላል። ሳቅሁ። «ያለ ዳኛ ቤት አይሸጥም» እያልኩ ሰፈሩን ሁሉ አስተማርኩ። ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከትቼ የፍርድ ቤት መጥሪያ እጠብቅ ጀመር። ቀጠሮ ማስረዘምን ማን እንደ እኔ ያውቃል?

መጥሪያ አልመጣም። በቤቴ በር ላይ የሐራጅ ማስታወቂያ ተለጠፈ።

የባንኩ ሥራ አስኪያጅ በትህትና አስረዳኝ። «እማማ፣ ባንክ በመያዣ የያዘውን ቤት ለመሸጥ ፍርድ ቤት መሄድ አያስፈልገውም። ውሉ ላይ ፈርመዋል፤ አስጠንቅቀንዎታል። ከሐራጁ በፊት ከከፈሉ ግን ይቀርልዎታል።»

የምከፍለው አልነበረኝም።

በመጀመሪያው ሐራጅ አንድም ተጫራች አልመጣም። ሰፈሩ አከበረኝ ብዬ እንባዬ መጣ። ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ ብቅ አለች። የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ ነጋዴ ናት፤ ድንበራችን ላይ ባለው ማንጎ የተነሳ ለዓመታት ተኳርፈናል።

«እትዬ፣ አታልቅስ። ማን ይገዛል? የገዛ ሰው፣ አንተ ጠዋት ማታ በሩ ላይ ቆመህ ትረግመዋለህ። ሰው ምላስህን ፈራ።»

በእሷ አማርኛ ሁልጊዜ ወንድ ነኝ። የተናገረችው ግን እውነት ነበር።

ሁለተኛው ሐራጅም ገዢ ካጣ ባንኩ ራሱ በመጀመሪያው መነሻ ዋጋ ይረከበዋል። አላጣም። ምላሴን የማይፈራ አንድ ሰው ነበር፤ ጎረቤቴ ገዛችው። ከዕዳው የተረፈችው ጥቂት ገንዘብ ለእኔ ተመለሰች።

ዛሬ በገዛ ቤቴ ጓሮ አንዲት ክፍል ከእሷ ተከራይቻለሁ። የኪራይ ውሉን ሳልፈርም ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

«ይሄን ያህል ምን ትፈልጋለህ?» አለችኝ።

«ማንጎው የማን እንደሆነ።»

«አትፈልግ» አለች። «አሁን ሁለቱም ወገን የኔ ነው።»