«ሞልተናል» ያልኩ ዕለት

ይህን ነገር ለሰው ተናግሬው አላውቅም። ለነፍስ አባቴ ጾም መሻሬን፣ ጠጥቼ ሰው መሳደቤን፣ የጎረቤት ድንበር መግፋቴን ሁሉ ነግሬአለሁ። ይህችን ግን ጉሮሮዬ ላይ ስትደርስ እየዋጥኳት ይኸው ሸበትኩ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ፤ እኔ ሰክሬም አላወጣሁት። እናንተ ስለማታውቁኝ ይቀለኛል፤ ስሙኝ።

የሰባ ሰባቱ ረሃብ ከበለሳ ነቅሎን ወደ ሱዳን በእግር ስንወርድ ጉልበቴ ያልከዳኝ ጎረምሳ ነበርኩ። መንገዱን የሚያውቀው አያ ተፈራ የሚባል፣ በደጉ ጊዜ ለሰሊጥ አጨዳ ገዳሪፍ ይመላለስ የነበረ ሰው ነው። የቆላው ሣር ሰው ይውጣል፤ ከመንገዱ ትንሽ የወጣ ተመልሶ አይገኝም። ስለዚህ አንዱ ከአንዱ ኋላ እየተከተለ ይሄዳል፤ አያ ተፈራ ከፊት ሆኖ በየመሀሉ «ሞላችሁ?» ብሎ ይጣራል። መጨረሻ ላይ ያለው ሰው የቀረ ከሌለ «ሞልተናል!» ብሎ ይመልሳል። የቀረ ካለ «ጎደልን!» ይላል፤ ያኔ ሰልፉ ይቆምና ዱላ የያዙ ወንዶች ይመለሳሉ። የመጨረሻው ሰው እኔ ነበርኩ። ጠንካራ ነው ብለው የመረጡኝ እነሱ ናቸው።

ከእኔ ፊት እግራቸው ያበጠ አሮጊት፣ እናና ዘውዴ፣ ይሄዱ ነበር። ባሏ በረሃቡ የሞተባት ልጃቸው አንጓች ሕፃኗን አዝላ ከፊት ነበረች። ጠዋት ጠዋት ወደ ኋላ መጥታ «እናቴን አደራ» ትለኛለች። እናና ዘውዴ ውሃ ሲገኝ የሚጠጡባት የዘይት ጣሳ ነበረቻቸው። ሲሄዱ በጠጠር ያንኳኳሉ፤ አንጓች ድምፁን ስትሰማ እናቷ እንዳሉ ታውቃለች።

በዚያ ዘመን ጅብ የሰው ሥጋ ለምዶ በጠራራ ፀሐይ ይሄድ ነበር። አንድ ቀን እናና ዘውዴ ደክሟቸው ከአንድ ቁርቁራ ዛፍ ሥር ቁጭ አሉ። «ትንሽ ልረፍ ልጄ፣ ጥለኸኝ እንዳትሄድ» አሉኝ። አልሄድም አልኳቸው። ሰልፉ ሣሩ ውስጥ ገብቶ ጠፋ። ያኔ ከጎናችን ሣሩ ተንቀሳቀሰና አንዱ ወጣ። ሌላውም ተከተለው። ክርፋታቸው አፍንጫዬ ድረስ መጣ። አልጮኹም፣ አልቸኮሉም፤ ቆመው ብቻ አዩን። ከሁለታችን ደካማው ማን እንደሆነ ያውቃሉ። እኔም አወቅሁ። አሮጊቷ ጣሳቸውን ሲደበድቡ ጅቦቹ ሸሸት አሉ፤ ዳሩ ግን አልሄዱም። ዱላ በእጄ ነበር። ልድገመው፣ ዱላ በእጄ ነበር። እኔ ግን ሮጥኩ።

ከኋላዬ ስሜን አልጠሩም። አልረገሙኝም። ጣሳውን ብቻ ይመታሉ።

መሮጤንስ ፍርሃት ነው ልበለው። መልሱን ግን ምን ልበለው? ሰልፉ ላይ ደርሼ ሳለከልክ አያ ተፈራ «ሞላችሁ?» ብሎ ተጣራ። ጎደልን ብል ኖሮ ወንዶቹ ይመለሱ ነበር። ጣሳው እኮ ገና ይጮኻል! በገዛ ጆሮዬ እሰማው ነበር! እኔ ግን ፈርቶ ሮጠ እንዳልባል፣ ተመለስና ቦታውን አሳየን እንዳልባል፣ «ሞልተናል!» አልኩ። ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ከፊት አንጓች ጣሳውን ሰምታ ኖሮ «እናና፣ በርቺ!» ብላ ስትጮህ ሰማኋት። ትንሽ እንደሄድን ጣሳው ዝም አለ።

ማምሻውን ውሃ አጠገብ ስናርፍ አንጓች እናቷን ፍለጋ መጣች። ምን አልኳት መሰላችሁ? እናትሽ ደክመው በእጄ ላይ አረፉ አልኳት። ከቁርቁራው ሥር ጉድጓድ ምሼ ቀበርኳቸው፣ አውሬ እንዳያወጣቸው ድንጋይ ጫንኩባቸው፣ ወዲያው ያልነገርኩሽ ለልቅሶ ከሰልፉ ቀርተሽ ሕፃኑ እንዳይሞት ብዬ ነው አልኳት። ይህን ሁሉ ከየት አመጣሁት? እሪ ብላ ስታበቃ እጆቼን ያዘችና ሳመቻቸው። እናቷን የቀበሩትን እጆች።

ገዳሪፍ ገብተን ያገባችኝ ስለ እነዚያ እጆች ነው። እናቴን ሜዳ ላይ ያልጣለ እኔን አይጥልም አለች። እወዳታለሁ፤ ይህ ውሸት አይደለም። ወልደን ከብደን አብረን አረጀን። የእናቷን ተዝካር ስታወጣ እኔ ራት ላይ ተቀምጬ በልቻለሁ። እንዴት ወረደልኝ? ወረደልኝ እኮ ነው የምላችሁ!

አሁን አንጓች የእናቷን አፅም አፍልሳ ቤተ ክርስቲያን ልታሳርፍ ቆርጣለች። እዚሁ ገዳሪፍ የተወለደው ልጃችን ሎሪ ነጂ ነው። «ኸላስ ያባ፣ በቃ አባቴ፣ ከፋሲካ በኋላ እኔ እወስዳችኋለሁ፤ አንተ ቦታዋን ብቻ አሳየን» አለኝ። የቷን ቦታ? ዛፉ ቢገኝስ ምን አሳያቸዋለሁ? ጅብ አጥንት እንኳ አያስተርፍም። ልጄ አካፋ ይዞ አንዴ እዚህ፣ አንዴ እዚያ ሲቆፍር፣ እሷ ቆማ ስታየው ታየኝ።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ለአፅሙ መጠቅለያ የገዛችውን አቡጀዲ አልጋው ላይ ዘረጋችው። «እናና ረጅም ነበረች፤ ይበቃት ይመስልሃል?» አለችኝ። ፊቷ በርቷል። ከስንት ዘመን በኋላ እናቷን ልታገኝ ነው።

«ይበቃል» አልኳት። ዛሬም ድምፄ አልተንቀጠቀጠም።

ያኔ ልጅ ነበርኩ፣ ተርቤ ነበር፣ እያልኩ ራሴን ሳባብል ኖሬአለሁ። ዛሬ ማን አስራበኝ? የትኛው ጅብ መጣብኝ? ጠግቤ፣ በቤቴ ተቀምጬ፣ ያንኑ መልስ መለስኩ። ስለዚህ ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ ይቅርታው የእናንተ አይደለም።

እሷ ጓዳ ሆና የአቡጀዲውን ጫፍ እየዘመዘመች ነው። አሁን ተነሥቼ እገባለሁ። ጨርቁን ከእጇ እቀበልና ያን ቀን ያልተናገርኩትን እነግራታለሁ፦ አንጓች፣ ጎደልን።