ደረጃ የሌለው ሕንፃ

ግንበኞቹ «ደረጃ ጠል» ይሏታል፤ ያውም ፊት ለፊቷ። እሷም አትቀየምም። አርክቴክት ሆና ሠላሳ አራት ዓመት ስትኖር የሞገተችው ለአንድ ነገር ነው። ሕንፃ ተሠራ የሚባለው፣ የመጣ ሰው ሁሉ በዋናው በር፣ በራሱ አቅም ሲገባበት ነው ትላለች። ይህን ስትናገር እጇ አያርፍም፤ አጠገቧ ብርጭቆ ያለው ሰው አስቀድሞ ብርጭቆውን ማንሳት አለበት።

እሷም ታዲያ ድሮ ደረጃ ወዳድ ነበረች። በሃያ ሰባት ዓመቷ የነደፈችው የመጀመሪያ ሕንፃዋ ትምህርት ቤት ነው፤ ፊቱ ላይ ሰፋፊ ደረጃዎች የተደረደሩበት፣ ያየው ሁሉ ደረቱን ነፍቶ የሚወጣበት። በምረቃው ቀን ልጅ ሳለች ሂሳብ ያስተማሯት መምህር በሁለት ክራንች መጡ። ሁለት ጎልማሶች ሳይጠይቋቸው አፈፍ አድርገው ተሸከሟቸውና አዳራሹ ውስጥ አስቀመጧቸው። ሰውም አጨበጨበ። መምህሩ ኮታቸውን አስተካክለው ጠሯትና፣ «ሕንፃሽ በጣም ያምራል። እኔ ግን የገባሁት እንደ ጆንያ ነው» አሏት። ያኔ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ከዚያ ወዲህ ከመኪናዋ ኋላ ዊልቸር ጠፍቶ አያውቅም። ሕንፃ ሊያሠራ የመጣ ባለጉዳይ ሁሉ መጀመሪያ እሱ ላይ ይቀመጣል። «በል እስቲ ቢሮህ ግባ» ትለዋለች። ባለከረባቱ ሰውዬ በራሱ በር ላይ ካለች አንዲት እርከን ጋር ሲታገል ማየት ነው! አንዱማ ላብ በላብ ሆኖ «ገባኝ! ገባኝ!» ቢላት፣ «የት ገባህ? ገና በር ላይ ነህ» ብላ ተጨማሪ ሩብ ሰዓት አስገፍታዋለች።

ሌላው አባዜዋ አፈር ነው። ቤት ሲሠራ ተቆፍሮ የሚወጣውን አፈር በመኪና አስጥሎ፣ ከሩቅ አገር ሲሚንቶ ማስመጣት ደሟን ያፈላዋል። ያንኑ አፈር ጥቂት ሲሚንቶ ጨምራበት፣ በመጭመቂያ አሳምቃ ብሎኬት ታወጣለች። ግድግዳው በሙቀት ቀን ይቀዘቅዛል፣ በብርድ ቀን ይሞቃል። መስኮቱን ነፋሱ ወደሚመጣበት ታዞረዋለች፤ የጣሪያው ውሃም ወደ ማጠራቀሚያ ይወርዳል። እንግዲህ ይህን ሁሉ አንድ ላይ፣ ሳይቀናነስ፣ የፈቀደላት ሰው እስከ ዘንድሮ አልተገኘም። ለምና ለምና የምታገኘው ከቆሻሻ መጣያው አጠገብ አንዲት የጓሮ መወጣጫ ነበር።

ዘንድሮ ስልሳ አንድ ሞላት። ጉልበቷ ከድቷት፣ ከዚህ በኋላ ግንባታ ቦታ እንደማትወጣ ለልጇ ቃል ገብታለች። የቀራት አንድ ሥራ ብቻ ነው፤ የሰፈሩ ባለአንድ ፎቅ ጤና ጣቢያ። በሽተኛው ከመንገድ ተነስቶ፣ ግቢውን በሚዞር ሰፊና ተዳፋት መወጣጫ፣ በራምፕ፣ አንድም እርከን ሳይረግጥ እስከ ላይኛው ክፍል ይደርሳል። ንድፉን የጨረሰች ቀን እንደ ልጅ ዘለለች፤ ጉልበቷ ግን እንደ ልጅ አልተቀበላትም። ወዲያው ለልማት ኮሚቴው ደብዳቤ ጻፈች፤ «የዚህ ሕንፃ ትልቁ ኩራት ደረጃ የሌለው መሆኑ ነው። ግድግዳውም ከግቢው በሚወጣ አፈር ይሠራል።»

በሳምንቱ መልስ መጣ። «ኮሚቴው ደረጃ የሌለውን የአፈር ቤት በአንድ ድምፅ ተቃውሟል። ዓርብ ጠዋት ቀርበው ያስረዱ፤ አለዚያ ደረጃውን የጠበቀ ንድፍ ከሌላ ባለሙያ እንጠይቃለን» ይላል።

«ደረጃ! ደረጃ! ደረጃ! እነዚህን ሰዎች ደረጃ ምን አስነካቸው?» ብላ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። ልጇ ሁለቱን ደብዳቤዎች ጎን ለጎን አድርጋ አነበበች። የጠጣችው ሻይ በአፍንጫዋ ወጣ።

«እማዬ! አንቺ መወጣጫ ደረጃ የለውም አልሽ፤ እነሱ ደግሞ ጥራት የለውም የሚል ነው የገባቸው! በዚያ ላይ አፈር ብለሽ ጨመርሽበት!»

ደረጃ ጠል በሁለት እጇ ራሷን ያዘች። ቃሉ ሁለት ትርጉም እንዳለው ማን አጣው? እሷ ግን ዕድሜ ልኳን ያንኑ አንዱን ስትጠላ ሌላኛውን ረስታዋለች። አሁን በዚያች አንዲት ቃል የተነሳ የመጨረሻ ሥራዋ ከእጇ ሊወጣ ነው። ሰፈሩም አንድ ሆኖ «ደረጃ የሌለው ጤና ጣቢያ ሊሠሩብን ነው» እያለ ነው።

ዓርብ ጠዋት አንድ የአፈር ብሎኬት፣ ውሃ እንደማያፈርሰው ልታሳይ፣ በባልዲ ውሃ ነክራ ሄደች። የኮሚቴው ቢሮ ፎቅ ላይ ስለሆነ ባልዲውን ዘበኛው ጋ ትታ፣ በየአምስት እርከኑ እየቆመች ወጣች።

«ኢንጂነር፣ እንኳን ደህና መጡ» አላት ሊቀመንበሩ።

«አርክቴክት ነኝ» አለችና ስለ ቃሏ ስህተት አስረዳች። ስድስቱ አባላት ሳቁ። ሊቀመንበሩም ሳቀ፤ ግን ቶሎ ኮስተር አለ።

«እሺ፣ በቃሉ አልተግባባንም እንበል። ግን ለጥቂት ደካሞች ተብሎ መወጣጫው ግቢውን ሁሉ ይብላው? ዘበኞቹ ይደግፏቸዋል። ደግሞስ እዚህ ስንት ስብሰባ አድርገናል፤ ራምፕ ይሠራልን ብሎ የመጣ አንድ ሰው የለም።»

«እዚህ ድረስ? ፎቅ ላይ?» አለች።

ወዲያው ከግቢው ጫጫታ ተሰማ። ብድግ ብላ መስኮቱን ከፈተች። ታች፣ ደረጃው ሥር፣ ዊልቸር ላይ የተቀመጠች ልብስ ሰፊ፣ እግሩ በጀሶ የታሰረ ሾፌር፣ የደረሰች ነፍሰ ጡርና ከዘራ የያዙ እናት ተሰብስበው ወደ ላይ ይጮኻሉ።

«ደረጃ የሌለው ጤና ጣቢያ አንፈልግም!»

ልቧ በደስታ ሊፈነዳ ደረሰ። ሊቃወማት የመጣው ሁሉ ሠላሳ አራት ዓመት ስትሟገትለት የኖረችው ሰው ነው! «ስብሰባው ይውረድ!» ብላ ፈቃድ ሳትጠብቅ ወደ ደረጃው ሮጠች። ጉልበቷ ትዝ ያላት ታች ከደረሰች በኋላ ነው።

ኮሚቴው ተከትሏት ወረደ። ብሎኬቱን ከባልዲው አወጣችና ሊቀመንበሩን አቆመችበት፤ እንዲዘልበትም አዘዘችው። ዘለለ። ብሎኬቱ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ከቦርሳዋ ባወጣችው ኖራ መሬቱ ላይ ራምፑን እየሳለች፣ ተራ በተራ ለሁሉም እያሳየች፣ ሳትተነፍስ አወራች።

«ቆይ፣ ቆይ። ደረጃ የለውም ማለት ይሄ ነው እንዴ?» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ታዲያ ይሄን ማነው የተቃወመው?»

«እናንተ ናችሁ!» አለቻት፤ ግቢው በሳቅ ተሞላ።

ሊቀመንበሩ ከመሳቁ በፊት ከዘራ የያዙትን እናት አየና ደነገጠ። «እማዬ! አንቺ ደግሞ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ልቃወምህ ነዋ የመጣሁት» አሉት።

ፊቱ ቀላ። ነገሩን ቶሎ ለመቋጨት ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «በሉ፣ ከኮሚቴው ንድፉን የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ» አለ። ደረጃ ጠል ኖራውን እንደያዘች መቁጠር ጀመረች። አንድ እጅ ወጣ፤ ሁለት፤ ከዚያ ተከታትለው ወጡ። ሊቀመንበሩም ወደ መሬቱ ስዕል ትንሽ አየና የራሱን አወጣ። ኮሚቴው ሰባት ነው፤ እጁ ግን ስምንት ሆነ።

«እማዬ፣ አውርጂ እንጂ! አንቺ እኮ የኮሚቴው አባል አይደለሽም።»

«በየት ወጥቼ ልሁን?» አሉት፤ እጃቸውን ሳያወርዱ።

ሊቀመንበሩ ቀና ብሎ የቢሮውን ደረጃ ከታች እስከ ላይ አየው። ከዚያ ወደ ጸሐፊዋ ዞረና፣ «ስምንት ብለሽ ጻፊ» አላት።