የታሰረበትን ድምፅ ማንም አያጠራውም

ውሸት ነው በሉኝ።

ጠዋት ሰናይት ደውላ "አባዬ..." ብላ ለቅሶዋን ስትለቀው ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋሁት። አዎ፣ ዘጋሁት። አፍሬያለሁ፣ ግን ዘጋሁት። ማክሰኞ እኮ ከሱ ጋር ፒያሳ ቁጭ ብለን ማኪያቶ ጠጥተናል! "ስኳሩን ቀንሺ፣ አርጅተሻል" ሲለኝ "አንተ ደግሞ ጎረምሳ ነህ!" ብዬዋለሁ። ሊሞት ያለ ሰው እንዲህ ይተርባል?

ጋሽ ክንፈ፣ ጊታሪስቱ፣ የሰናይት አባት፣ ዛሬ ንጋት ላይ አርፏል።

ከረፋዱ ጀምሮ "ተረስቶ የኖረው የጃዝ ሰው" እያላችሁ ትለጥፋላችሁ። ማን ነው የረሳው? እናንተ ስላልሰማችሁት ተረሳ ማለት ነው? እኛ የአራዳ ልጆች አንድም ቀን አልረሳነውም። ተዉ እንጂ!

ለማታውቁኝ፣ በደርግ ጊዜ ፒያሳ አንድ ሙዚቃ ቤት ውስጥ ሸክላ እሸጥ ነበር። ጋሽ ክንፈ ያቺን ብቸኛ አልበሙን ያመጣው እኛ ዘንድ ነው። ዘፋኝ የላትም፤ ጊታር፣ ቤዝና ድራም ብቻ። አንዱ የወሎ እንጉርጉሮ፣ አንዱ የጉራጌ ጭፈራ፣ ሁሉም በጃዝ አካሄድ።

የመጨረሻው ዜማ ግን ሌላ ነገር ነው። ውቤ በረሃ ካለ አንድ ጫማ ሰፊ ቁራጭ ቆዳ ለምኖ፣ በቀጫጭኑ ቆራርጦ፣ ከእያንዳንዱ የጊታር ክር ሥር ወተፈው። በገና ላይ እንደሚደረገው ማለት ነው። ክሩ ሲመታ እዝዝዝ ይላል፣ ሆድ ድረስ ይገባል። አባቱ በጾም በጾም በገና ይደረድሩ ነበር። ያኔ በገና የቤተ ክርስቲያን ነው ተብሎ ከሬዲዮ ጠፍቷል። እሱ በጊታር መልሶ አመጣው።

ሸክላው ወጥቶ ሦስት ሳምንት ሳይሞላው አንድ የቀበሌ ካድሬ ሱቃችን ገባ። "የመጨረሻውን አጫውቺው" አለኝ። አጫወትኩ። ጋሽ ክንፈ ባንኮኒውን ተደግፎ ቆሟል።

"ይሄ በገና ነው" አለ ካድሬው።

"ጊታር ነው፣ ጓድ" አለ ጋሽ ክንፈ።

"ታዲያ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚጮኸው?"

ካድሬው ክፉ አልነበረም፣ እውነቴን ነው። የሰፈራችን ልጅ ነው። ጠጋ ብሎ መውጫ ሰጠው። "ሲቀረጽ ተበላሽቶ ነው በል። እንደዚያ ብዬ ጽፌ ልሂድ።"

እኔ ከባንኮኒው ኋላ ሆኜ በዓይኔ "በል! በለው!" እያልኩት ነው። ምን ነበረበት?

"አልተበላሸም" አለ ጋሽ ክንፈ። "ሆን ብዬ ነው። አባቴ እንዲህ ነው የሚደረድሩት።"

ወሰዱት። ሰባት ወር ታሰረ። ሸክላዎቹንም ለቃቅመው ሄዱ፤ እኔ አንዷን በነጠላዬ ሸፍኜ አስመለጥኳት።

ሲፈታ አልሳምኩትም፣ ተቆጣሁት። "አንዲት ቃል ብትል ምን ትሆን ነበር?" አልኩት። ፊቱ ከስቶ ጥርሱ ብቻ ቀርቷል፣ በዚያ ጥርስ ሳቀብኝ። "እጄ ያለውን አፌ አይክደውም፣ አልሚ" አለኝ። ይህችን ነገሩን ዕድሜውን ሙሉ አልተዋትም።

ዘንድሮ አንድ የውጭ ኩባንያ አልበሙን እንደገና በሸክላ ላሳትመው አለ። ያቺ የሸሸግኳት ሸክላ አገር አቋርጣ ሄደች። ደስታችንን አትጠይቁኝ! ከዚያ ናሙናው መጣ። ሰናይት ማጫወቻ ተውሳ ሳሎኗ ውስጥ ከበን ሰማን። የመጨረሻው ዜማ ላይ ስንደርስ እዝዝታው የለም። ጠፍቷል። ከናሙናው ጋር በመጣው ደብዳቤ ላይ "ብልሽቱን አጥርተነዋል" ብለው ጽፈዋል፣ ያውም በኩራት።

ጋሽ ክንፈ መርፌውን በገዛ እጁ አነሳ። "ደርግም እኮ ብልሽት ነው በል ነው ያለኝ" አለ። "ለሱ ያልሰጠሁትን ለነዚህ ልስጥ?"

ውሉን አልፈርምም አለ። ለመንነው። ሰናይት አልቅሳ "አባዬ፣ ሰማንያ ሊሞላህ ነው፣ ሥራህ በሕይወት እያለህ ይውጣ" አለችው። እኔም፣ መቼም አልዋሽም፣ "ተው ፈርም" ብዬ ነዝንዤዋለሁ። አምስት ወር ተጻጻፉ። እነሱም እምቢ፣ እሱም እምቢ። ሳይፈርም ሄደ።

ዛሬ ከቀትር በኋላ ለቅሶው ድንኳን ውስጥ እንደተቀመጥን የኩባንያው ሰውዬ ለሰናይት ደወለ፤ ሁላችን እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው። ሐዘኑን ገለጸ፤ ከልቡ ያዘነ ይመስላል። ቀጥሎ ግን ወራሿ አንቺ ነሽና ብትፈርሚ ለመታሰቢያው ፈጥነን እናወጣዋለን አላት። ያንን እዝዝታ የሌለውን ማለቱ ነው።

ክው አልኩ። ፈርም እያለች ስታለቅስ የከረመች ልጅ ናት። አሁን ማን ሊከለክላት ነው?

ሰናይት ብድግ አለች። "ይሄ ብልሽት አይደለም" ብላ በእንግሊዝኛ ጀመረች፤ አንጀቷን አላርስ ሲላት በአማርኛ ጨረሰችው። "አባቴ ሰባት ወር የታሰረበትን ድምፅ እኔ በአንድ ፊርማ አላጠፋውም! እንዳለ አትሙት፣ አለበለዚያ ይቅር!" ሰውዬው ይግባው አይግባው እንጃ፣ ስልኩን ዘጋችበት። ድንኳኑ ሙሉ ሰው "እሰይ የአባቷ ልጅ!" አለ። ለቅሶ ቤት ውስጥ ይባላል? ተባለ።

ጋሽ ክንፈ፣ የኔ ጌታ፣ ስለነዘነዝኩህ ይቅር በለኝ። ሥራህን ሳታይ እንዳታልፍ ፈርቼ ነው። ሸክላዬን መልሰውልኛል፤ ነገ ከቀብርህ ስንመለስ እናጫውታታለን፣ ከነእዝዝታዋ። ደስ ያላለው ጆሮውን ይያዝ።

ሂድ በሰላም። አባትህን ስታገኛቸው፣ የልጅ ልጅዎ እምቢ ብላለች በላቸው።