አትነሺ፣ እታለማሁ

እታለማሁ የትምህርት ቤት አውቶቡስ መንጃ ፈቃድ ፈተናዋን የወደቀችው በጨዋነቷ ነው። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። እዚህ ባሕር ማዶ፣ ጋርላንድ ከተማ ያለ ሀበሻ ሁሉ ያውቀዋል፤ ያላወቀ ካለም እትዬ ብርቅነሽ ገና ስላልደወሉለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አውቶቡሱን ዞር ዞር ብሎ የመመርመሩን ፈተና አንበልብላዋለች። ጎማውን፣ ቡሎኑን፣ ባሌስትራውን፣ መብራቱን በእጇ እየነካች «አልተሰነጠቀም፣ አልላላም፣ አያፈስም» እያለች በእንግሊዝኛ ስትወርድበት ውዳሴ ማርያም የምትደግም ነበር የምትመስለው። በተደረደሩት የፕላስቲክ ኮኖች መሃል ወደ ኋላ መንዳቱንም አንዲት ኮን ሳትነካ ጨረሰች። የቀረው አውራ መንገድ ላይ ወጥቶ መንዳት ብቻ ነበር። የሹፌር ወንበሯ ላይ ተሰይማ፣ ማርሽ አስገብታ፣ እግሯን ፍሬን ላይ አሳርፋ ስትጠብቅ ፈታኟ ሚስ ሎሬታ በአውቶቡሱ ደረጃ ብቅ አሉ። ፀጉራቸው እንደ ጥጥ የነጣ፣ መነጽራቸው በሰንሰለት ደረታቸው ላይ የሚወዛወዝ፣ የእናቷ ታላቅ እህት ሊሆኑ የሚችሉ ሴትዮ ናቸው። የእታለማሁ ጉልበት ማንንም አላማከረም። ብድግ አለች።

እሷ ብድግ ስትል እግሯም ከፍሬኑ ላይ አብሯት ብድግ አለ። አውቶቡሱ ይህን ቀን ሲጠብቅ የኖረ ይመስል ብቻውን ጉዞ ጀመረ። ሚስ ሎሬታ የደረጃውን መደገፊያ ጥምጥም ብለው አቅፈው «ብሬክ! ብሬክ!» እያሉ ጮኹ። እታለማሁ ተወርውራ ፍሬኑን እስክትረግጠው ድረስ አንዷ ኮን እንደ ቂጣ ተጠፍጥፋ ነበር።

«ለምንድን ነው የተነሳሽው?» አሉ ሚስ ሎሬታ፣ ደረታቸውን በእጃቸው ደግፈው።

«ለእርስዎ ነዋ!» አለች እታለማሁ።

ነጥብ የሚሞሉበት ታብሌት ለአክብሮት የሚሆን ቦታ አልነበረውም። ፈተናው ከግቢው ሳይወጣ እዚያው አለቀ።

ወሬው እታለማሁን ቀድሞ ቤቷ ደረሰ። እትዬ ብርቅነሽ ውሸት አይጨምሩም፤ ወሬው ሲቀዘቅዝባቸው ያሞቁታል እንጂ። ከጋርላንድ ስትነሳ ኮን የነበረችው ሌክ ሃይላንድስ ሰፈር ስትደርስ አጥር ሆነች፤ ሪቻርድሰን ላይ ደግሞ ፈታኟ ሆስፒታል ገቡ። ባሏ ተሻገር የጭነት መኪናውን ይዞ ኦክላሆማ ነበር፤ እዚያም ደረሰው።

«እኔ እኮ በአንዴ ነው ያለፍኩት» አላት በስልክ፣ እንደ ልማዱ።

«አንተማ ለማን ትነሳለህ!» አለችው።

ሳቁ ሳቅ ነው፤ የቀራት ግን አንድ ዕድል ብቻ ነበር። አሰልጣኟ ቁርጡን ነግሯታል። በሚቀጥለው ሳምንት ካለፈች፣ ትምህርት ቤት ሲከፈት ቢጫው አውቶቡስ የእሷ ነው። ከወደቀች ቦታው ለተረኛ ይሰጣል፤ እሷም ወደ ዌርሃውሷ፣ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስካን ወደማድረጓ ትመለሳለች። ዌርሃውሱ ክፉ ሆኖባት አይደለም። ግን በሥልጠናው አንዴ እዚያ የሹፌር ወንበር ከፍታ ላይ ወጥታ አይታዋለች። ትልልቅ ፒክአፕ የሚነዱት ጎረምሶች ከታች አንጋጠው ሲያዩዋት፣ እሷ አንዲት ማብሪያ ስትነካ «ቁም» የምትለዋ ቀይ ሰሌዳ በአውቶቡሱ ጎን ተዘርግታ ከወዲያም ከወዲህም የሚከንፈው መኪና ሁሉ ቀጥ ሲል ቀምሳዋለች። ሃምሳን እየተጠጋች፣ በአንድ ጣቷ መንገድ የምታቆም ሴት ከሆነች በኋላ ከካርቶን ጋር እንዴት ትታረቅ?

መላውን ያመጣችው ልጇ ሔራን ናት። ሔራን ሪቻርድሰን ያለው ዩኒቨርሲቲ ማስተርሷን የምትማር፣ አማርኛዋ አንዳንዴ መሃል መንገድ ላይ ነዳጅ የሚጨርስባት ልጅ ናት።

«ማሚ፣ የሚነሳው ሰውነትሽ ነው፣ አንቺ አይደለሽም» አለች። «ሶ፣ ሰውነትሽን ትሬን እናድርገው። አንድ ሽማግሌ ያስፈልገኛል።»

«ሽማግሌ ደግሞ ከየት ልናመጣ ነው?»

«ጋሽ ይርጉ አሉ አይደል?»

እታለማሁ አማተበች። ጋሽ ይርጉ ከእነሱ በላይ ያለው አፓርትመንት የሚኖሩ፣ አገር ቤት ትውልድ ያንቀጠቀጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበሩ። እሳቸው ሲገቡ ሰው ቀርቶ የሔራን ድመት ከሶፋው ትወርዳለች።

ቅዳሜ ጠዋት ሳሎኑ አውቶቡስ ሆነ። የምግብ ጠረጴዛው ወንበር የሹፌር ወንበር፣ የድስት ክዳን መሪ፣ የተሻገር አሮጌ ጫማ ፍሬን። ሔራን በነጠላ ወገቧን ከወንበሩ ጋር ጠፍራ አሰረቻት፤ ይሄ ቀበቶ ነው። ከዚያ በሩ ተንኳኳና ጋሽ ይርጉ ከዘራቸውን ይዘው ገቡ።

እታለማሁ ብድግ አለች። ወንበሩም አብሯት ብድግ አለ።

«ማሚ! ገደልሽኝ እኮ!» ሔራን ከ«አውቶቡሱ» ፊት ሆና ጮኸች።

«ምን ጉድ ነው?» አሉ ጋሽ ይርጉ። «ይህቺን ሴት ማን አሰራት? ፖሊስ ልጥራ?»

ሔራን አስረዳቻቸው። የጋሽ ይርጉ ዓይን በራ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ማንንም ተቆጥተው አያውቁማ!

«ገባኝ» አሉ። «እዚህ ቤት ውስጥ ብልግና ሊሰለጥን ነው። በሉ፣ ወጥቼ ልግባ።»

ወጥተው ገቡ። እታለማሁ ከንፈሯን ነክሳ ብትታገልም ግማሽ ድረስ ተነሳች።

«ተቀመጪ! የግማሽ ወዳቂ ተብሎ የለም!»

ወጥተው ሳል አክለው ገቡ። ተነሳች። ወጥተው እያነከሱ ገቡ። ተነሳች። ቀጥሎ ካፖርት ደርበው፣ አንገታቸውን ሰበር አድርገው፣ ድምፃቸውን አቅጥነው መጡ።

«አሁን አማትሽ ነኝ» አሉ።

«ኧረ ጋሼ፣ በእግዜር!» እታለማሁ ነጠላው ሲጥ እስኪል ድረስ ዘለለች። ሔራን ሶፋው ላይ ተደፍታ ሆዷን ይዛ ትንፈራፈራለች።

«ሰማሽ፣ እታለም» አሉ ጋሽ ይርጉ ካፖርቱን እያወለቁ፣ አሁን ከምር። «የሰው ልጅ ጭነሽ ለእኔ ብለሽ ፍሬን ከለቀቅሽ አከበርሽኝ አይባልም። እኔን ካከበርሽ ቁጭ በይ። ሰላምታሽን በአፍሽ ስጪኝ፤ እግርሽን ለልጆቹ ተይላቸው።»

ወጡ። ገቡ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እታለማሁ የድስቱን ክዳን ጨብጣ፣ የተሻገርን ጫማ ወለሉ ውስጥ ልታሰምጠው እስክትደርስ ረግጣ፣ ላብ በላብ ሆና፣ ቁጭ እንዳለች «ጉድ ሞርኒንግ» አለች።

ጋሽ ይርጉ ከላይ እስከ ታች ገላመጧት። «ባለጌ!» አሉ። ከዚያ ፊታቸው በሙሉ ሳቅ ሆነ። «ጎሽ! እንዲህ ነው እንጂ ብልግና!»

እታለማሁ ስድብ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም። ሳምንቱን ሙሉ ጋሽ ይርጉ ደረጃ ላይ ባገኟት ቁጥር «ተቀምጠሻል?» ይሏታል፤ «ተቀምጫለሁ ጋሼ!» ትላቸዋለች፣ ቆማ።

የፈተናው ቀን ጠዋት ከሰዓቱ ቀድማ ግቢው ደረሰች። ፍርሃት ብቻ አይደለም፤ ሠርግ የምትሄድም መስሏታል። ምርመራውን አንበለበለች፤ ወደ ኋላ ነዳች፤ ኮኖቹ በሙሉ በሕይወት ተረፉ። ወንበሯ ላይ ሆና ቀበቶዋን አሰረችና ደረጃውን ደረጃውን ማየት ጀመረች። መጀመሪያ ነጩ ፀጉር መጣ። ቀጥሎ መነጽሩ። ቀጥሎ ሚስ ሎሬታ ጉልበታቸውን ያዝ አድርገው «ኡፍ» አሉ። ያቺ «ኡፍ»! ይህችን ጋሽ ይርጉም አላሰቧትም ነበር። የእታለማሁ ቂጥ ከወንበሩ ሊላቀቅ ዳዳ፤ መሪውን አንቃ፣ ፍሬኑን ረግጣ፣ ጥርሷን ገጥማ ያዘችው።

«ጉድ ሞርኒንግ፣ ማም!» አለች፤ ከጉጉቷ የተነሳ ድምፅዋ ግቢውን አናጋው።

ሚስ ሎሬታ የደረጃውን መደገፊያ አልለቀቁም። ዙሪያውን አዩ። አውቶቡሱ አልተነቃነቀም።

«ዛሬ ተቀምጠሻል» አሉ።

«ተቀምጫለሁ!»

ወደ አውራ መንገዱ ወጡ። እንዴት ብላ እንደነዳች! ፍሬቻዋ በጊዜው፣ ዓይኗ ከስፖኪዮ ስፖኪዮ፣ ያ ሁሉ ቢጫ ብረት በእጇ እንደ ሕፃን ጋሪ እየታዘዘ። ሃይዌይ ላይ ስትገባ አንድ ትልቅ ትራክ መንገድ ለቀቀላት፤ ተሻገር ቢያይ ብላ ተመኘች። ሚስ ሎሬታ «ቀኝ»፣ «ግራ» ከማለት በቀር ቃል አይተነፍሱም። ሊመለሱ ጥቂት ሲቀራቸው ወደ ባቡር ማቋረጫው አመሩ።

የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሐዲድ ጋ ሲደርስ ባቡር ቢኖርም ባይኖርም ይቆማል። ሹፌሩ ራቅ ብሎ ያቆማል፣ በሩንና መስኮቱን ይከፍታል፣ ግራ ቀኙን ያያል፣ ጆሮውን ያቆማል፣ ከዚያ በሩን ዘግቶ ያልፋል። እታለማሁ በደንቡ መሠረት ቆመች። በሩን ከፈተች። ጆሮዋን አቆመች። የሰማችው ግን ባቡር አልነበረም።

«እታለማሁዬ! አንቺው ነሽ?»

በዚህ አገር በእግሩ የሚሄድ ሰው የለም። እትዬ ብርቅነሽ ግን ለስኳራቸው ሐኪም በየቀኑ እንዲራመዱ አዟቸዋል፤ በዚያውም የሰፈሩ መኪና ማን ቤት እንደቆመ ያያሉ። ስፖርት ጫማቸውን አጥልቀው፣ ሻሻቸውን አስረው፣ በተከፈተው በር ፊት ለፊት ፈክተው ቆመዋል።

«ሰጡሽ እንዴ? ኧረ ተመስገን! ነይ እስቲ ሳሚኝ! ተሻገርስ መጣ? ሔራንዬስ? ምነው፣ ምነው ዝም አልሽኝ?» ይህን እያሉ አንድ እግራቸውን ደረጃው ላይ አወጡ።

ጋሽ ይርጉ እታለማሁን ያሠለጠኗት ለመቀመጥ ነው። የእናቷን እኩያ «ውረጂ» ለማለት ማንም አላሠለጠናትም። በሩን ብትዘጋው እትዬን ይቆነጥጣል፤ ዝም ብትል አቅፈው ሊስሟት ነው፤ ፈታኟም ታብሌታቸውን አንስተው እያዩዋት ነው። ቢጫዋን የማቆሚያ ፍሬን ቁልፍ ሳበች፤ «ጵስስ» ብላ አውቶቡሱን ቸነከረችው። ከዚያ ከወንበሯ ሳትነቃነቅ እጇን ዘረጋች።

«እትዬ ብርቅነሽ፣ እግርዎን ከደረጃው ያውርዱ።»

«እኔን ነው?»

«እርስዎን ነው። እዚህ ሰው አይጫንም። ፈተና ላይ ነኝ። አሁን ይውረዱና ከአውቶቡሱ ይራቁ።»

እትዬ ብርቅነሽ ቀና ሲሉ ሚስ ሎሬታን አዩ። ወዲያው ፈገግ ብለው ጎንበስ አሉና «ሃሎ ማዘር!» አሏቸው፤ ሚስ ሎሬታም ሳያስቡት ጎንበስ አሉ። ከዚያ እትዬ እግራቸውን አውርደው፣ ሻሻቸውን አስተካክለው፣ ወደ ኋላ ፈቀቅ አሉ። እታለማሁ እንደገና ግራ ቀኙን አየች፣ እንደገና አዳመጠች፣ በሩን ዘጋች፣ ቁልፉን ገፋች፣ ሐዲዱን ተሻገረች። በስፖኪዮ ስታይ እትዬ ብርቅነሽ ስልካቸውን ከቦርሳ እያወጡ ነበር።

ሚስ ሎሬታ ይጽፉ ጀመር። ግቢው እስኪደርሱ ጻፉ። ወድቄያለሁ አለች እታለማሁ በልቧ፤ ለተጠፈጠፈችው ኮን እንኳ ይህን ያህል አልጻፉም።

አቆመች። ቢጫዋን ቁልፍ ሳበች። ሞተር አጠፋች።

«ሴትየዋን ታውቂያታለሽ?» አሉ ሚስ ሎሬታ።

«እንደ እናቴ ናቸው።»

ሚስ ሎሬታ መነጽራቸውን አወለቁ። «የማያውቁትን ሰው የሚያወርድ ሹፌር ብዙ አይቻለሁ። እንደ እናቱ የሚያያትን ከደረጃ የሚያወርድ ግን ብዙም አላየሁም። ልጆች ስትጭኚም እንዲሁ አድርጊ።» ታብሌቱን ወደ እሷ አዞሩላት። «አልፈሻል።»

እልልታው ከየት እንደመጣ እታለማሁ ራሷም አታውቅም። ባዶው አውቶቡስ ውስጥ ከፊት ጫፍ እስከ ኋላ መስኮት አስተጋባ፤ በግቢው ውስጥ ተራ የሚጠብቁት ተፈታኞች ተደናግጠው ዞሩ፤ ሚስ ሎሬታ ጆሯቸውን ይዘው ሳቁ።

ከአውቶቡሱ ስትወርድ ስልኳ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጋሽ ይርጉ ናቸው።

«እታለም፣ ብርቅነሽን ባቡር ሐዲድ ላይ ገፍትረሽ ጣልሽ የሚባለው እውነት ነው?»

«አለፍኩ ጋሼ! አለፍኩ!»

«እሰይ! እሰይ የእኔ ባለጌ! … ግን ገፍትረሻታል ወይ?»

ዘጋችና ሳትውል ሳታድር እትዬ ብርቅነሽ ጋ ደወለች። ስልኩ ብዙ ጊዜ ተያዘባት፤ ከማን ጋር እንደሚያወሩ አልጠፋትም። በመጨረሻ አነሱት።

«ማን ልበል?» አሉ፤ ማን እንደሆነች እያወቁ።

«እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ። እግርዎ ላይ እወድቃለሁ። ፈተና ሆኖብኝ ነው እንጂ…»

«ያወረድሽው እግር ላይ ነው የምትወድቂው?» ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ቆይ እስቲ… አለፍሽ?»

«አለፍኩ፣ እትዬ!»

«ስላወረድሽኝ?»

«ስላወረድኩዎት!»

«እንግዲያው እኔ ነኛ ያሳለፍኩሽ!» አሉ እትዬ ብርቅነሽ። «በይ ቶሎ ዝጊው፤ የምደውልለት ሰው ብዙ ነው።»