የክንፍ ስዕል በሱሉልታ መንገድ

የመመረቂያ ጥናቴን ለፈታኞች የማቀርበው የሱሉልታ መንገድ በድንጋይ በተዘጋበት ቀን ነበር። ጥናቱ አውሮፕላን ቀዝቃዛ ደመና ውስጥ ሲገባ ክንፉ ላይ ምን ዓይነት በረዶ እንደሚረጋና በረራውን እንዴት እንደሚጎዳ አስቀድሞ ማስላት ነው። ከቀረሁ ምርቃቴ ለከርሞ ይተላለፋል። ታክሲ ስለሌለ ስዕሎቼን ጠቅልዬ በእግሬ ወጣሁ።

ድንጋዩ ጋ መሬታችን አይወሰድም ብለው መንገዱን የዘጉ ወጣቶች አስቆሙኝ። አንዱ ጥቅሉን ቀምቶ ዘረጋው፤ ጠማማ መስመር፣ ቁጥር፣ በቀይ የተቀለመ ጠርዝ። በዚያ ሰሞን ወረቀት ጠቅልሎ የሚዞር ሰው ሁሉ መሬት ሊለካ የመጣ ነበር የሚመስለው።

«ኩን ማሊ? ምንድን ነው ይሄ? የማን መሬት ነው?»

«የአውሮፕላን ክንፍ ነው» አልኩት።

«መሬታችንን ወስደው ደግሞ ክንፍ ነው ይሉናል» ብሎ ሳቀ። ደሜ ፈላ። ስንት ወር እንቅልፍ ያጣሁበትን ስዕል!

ልጆቹ እንዳያጠፉ ብለው እዚያው የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ «ክንፍ ከሆነ ታስረዳን» አሉ። ስዕሉን አስፋልቱ ላይ ዘርግቼ፣ አማርኛና ኦሮምኛ እየቀላቀልኩ አስረዳሁ። ደመና ውስጥ ያለ ውሃ በጣም ቀዝቅዞም በረዶ ሳይሆን ሊቆይ ይችላል፤ ክንፍ ሲነካው ግን እዚያው ይረጋል። ቀዩ እሱ ነው።

«ታዲያ ከብዶት ነው የሚወድቀው?» አሉ ሽማግሌው።

«ክብደቱ አይደለም ኦቦ፣ ዋናው ክፋቱ የክንፉን ቅርጽ ማበላሸቱ ነው። ቅርጹ ሲበላሽ አየሩ እንደ ድሮው አያነሳውም፤ ጭራሽ ወደ ኋላ ይጎትተዋል። እኔ የደመናውን ቅዝቃዜና የጠብታውን መጠን አይቼ፣ ፓይለቱ ሳይገባበት እንዲያውቅ አሰላለሁ።»

ሽማግሌው ወደ ልጆቹ ዞሩ። «መሬት ሊለካ የመጣ ሰው ስለ ሰማይ እንዲህ አይጨነቅም። ልቀቋት።»

የቀማኝ ልጅ ስዕሉን ራሱ ጠቅልሎ ድንጋዩን አሻገረኝ። «ዴሚ» አለኝ፣ ሂጂ።

አቧራ ለብሼ ደረስኩ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ፣ ዋናው ፈታኝ የፈራሁትን ጥያቄ አመጣው፦ «በእኛ አገር ሙቀት ይሄ ምን ያደርግልናል?» ድሮ ቢሆን ቀመር እደረድርለት ነበር። «ሙቀቱ መሬት ላይ ነው» አልኩት። «ከፍ ብሎ ያለ ደመና የትም አገር ይቀዘቅዛል።» ቀጥዬ ያሰላሁትን የበረዶ ቅርጽ በሙከራ ከተገኘው ጋር አስተያይቼ አሳየሁት። ጠርዝ ለጠርዝ ገጠሙ።

አስወጥተው መልሰው ጠሩኝ። ከሁሉም በላጭ ውጤት ሰጡኝ። ሰፈራችን በዚያ ዓመት በግርግሩ ብዙ አልቅሷል፤ እኔ ያን ቀን ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ያለቀስኩት ግን ደስ ብሎኝ ነው።